«ከዘራችን ነው» ለሚል ቤት ጫማን እንዴት እናስተምር? ስለ እግር እብጠትና ዘረመል፣ ለጎጃም ጤና አስተማሪዎች

ማቻከል ውስጥ አንድ ቤት ቡና እየተፈላ ስለ እግር እብጠት አስረዳ ነበር። የአባወራው ሁለቱም እግሮች ከጉልበት በታች አብጠዋል። «በሽታው በዘር የሚመጣ ነገርም አለው» አልሁ። ባለቤቱ ጀበናውን ልታወርድ የዘረጋችው እጅ እዚያው ቆመ። በር ላይ ሆና የምታዳምጠውን ልጇን «ሂጅ ጥጆቹን እይ» ብላ ሰደደቻት። ልጅቱ ከራቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ ከደሟ ካለ ጫማው ምን ያደርግላታል?» አለችኝ።

የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። እናቲቱ የሰማችው ግን ፍርድ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዘረመልን ከትምህርቴ አላወጣሁም፤ አነጋገሬን ግን ከሥሩ ቀየርሁ። ይህን የምጽፈው ቤት ለቤት ለምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለሳይንስ መምህራን፣ ለልማት ቡድን መሪዎችና ሕዝቡ ለሚሰማቸው ካህናት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የምትይዙት እውነታ

የበሽታው የሕክምና ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ። ስሙን ያወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነው። ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። ቆላ ውስጥ ትንኝ የምታስተላልፈው እብጠትም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሁለቱን አታምታቱ። የእኛ ደጋ እብጠት ትንኝም ትልም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ የታማሚን እግር ማጠብ አያስይዝም።

መነሻው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። ከፍታው ከ1,500 ሜትር፣ የዓመት ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥበት አገር ይበዛል። ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ብዙው እርሻ እንዲህ ያለ ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተደርጎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በፈረንጆች ናቸው)፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ታመው አግኝቷል። በሰንበት ቅዳሴ ከሚቆም 300 ጎልማሳ 10 ገደማው ማለት ነው።

በባዶ እግር ለዓመታት ሲሄዱ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ያልፉና ከእግር ፈሳሽ የሚመልሰው ሊምፍ የሚባል ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ሰውነት ባዕድ ነገር መጣብኝ ብሎ ሲቆጣ ቱቦው እያበጠ፣ እየጠበበ፣ ኋላም እየተዘጋ ይሄዳል፤ ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ያብጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ10ዎቹና በ20ዎቹ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የእግር መዳፍ ያሳክካል፣ ሌሊት ያቃጥላል፣ ጠዋት ጎድሎ ማታ የሚሞላ እብጠት ይመጣል።

አሁን ወደ ዘረመሉ። አንድ ማሳ በባዶ እግር ካረሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና የሚሆነው ለምንድን ነው? በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አወዳድረው፣ ልዩነቱ ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ እንደሚታይ አገኙ። ይህ ክፍል ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበትን ሥራ የሚመራ ነው። ልዩነቱ ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። አፈሩ ካልነካውም ዘረመሉ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ከዚህ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ በቃላችሁ ያዙ ብባል የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እመርጣለሁ።

አንደኛ፦ ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ

«አያ፣ ይህ እብጠት ከምን ይመጣል ይላሉ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ ዝም በሉ። አንዱ መጋኛ ይላል፣ አንዱ እባብ የሄደበትን ረግጦ ነው ይላል፣ አንዱ ርግማን ነው ይላል። ብዙው ግን መጨረሻ ላይ «እነሱስ ዘራቸው ነው» ማለቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። መገለልን ለመቀነስ በማሰብ «በዘር አይመጣም! ወሬ ነው!» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። የመንደሩ ሰው አያትን፣ አባትን፣ ልጅን በዓይኑ አይቷል። ዓይኑ ያየውን «የለም» ስትሉት ስለ ጫማ የምትነግሩትንም አያምንም። ያየው እውነት መሆኑን ተቀበሉና የጎደለውን ጨምሩለት፦ «በአንድ ቤት እንደሚበዛ ልክ አይተዋል። ግን ዘር ብቻውን አያሳምምም፤ አፈሩ መጨመር አለበት። አፈሩን ደግሞ ማገድ ይቻላል።»

ሁለተኛ፦ ቃላችሁን ምረጡ

«ዘረመል» የትምህርት ቤት ቃል ነው፤ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ፣ ለእናቱ ባዶ። «ተጋላጭነት» ደግሞ የሪፖርት ቃል ነው። «ደም» እና «አጥንት» ከሚሉት ራቁ፤ በእኛ አገር «አጥንቱ ነው» ማለት ሰውየውን ለዘላለም መፈረጅ ነውና። «በዘር የሚተላለፍ በሽታ» የሚለውንም ጨርሶ ተዉት። በሽታው አይወረስም። የሚወረሰው ሰውነት አፈሩን የሚቀበልበት ሁኔታ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ የምለው «አፈር የሚደፍረው እግር» ነው። «አንዳንዱን እግር አፈር ይደፍረዋል፣ አንዳንዱን አይደፍረውም፤ የማን እንደሚደፈር ደግሞ በዓይን አይለይም።» የመጨረሻዋ ሐረግ አትቅር። በዘመዶቹ ታማሚ የሌለበት ሰው «እኔን አይመለከትም» ብሎ እንዳይነሣ የምትይዘው እሷ ናት።

ሦስተኛ፦ ምሳሌ ስጡ፤ የሰጣችሁትን ምሳሌ ግን ፈትኑት

መጀመሪያ የምጠቀምበት ምሳሌ የዘር እህል ነበር። «ጎተራ ውስጥ ያለ የጤፍ ዘር አፈርና ዝናብ ካላገኘ አይበቅልም፤ ይህም እንዲሁ ነው» እል ነበር። ገበሬ ወዲያው ይገባዋል፣ ቃሉም አንድ ነው፤ እጅግ የሠመረልኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ደብረ ኤልያስ ውስጥ አንዲት እናት የተረዱትን መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «ዘሩ ውስጣችን ተቀምጧል፤ ዝናቡን ይጠብቃል» አሉኝ። ደነገጥሁ። የጎተራ ዘር እኮ ሊዘራ ነው የተቀመጠው! ምሳሌዬ በሽታውን በልጆቻቸው ሰውነት ውስጥ አስቀምጦ፣ ቀኑን የሚጠብቅ አደረገው።

አሁን የምለው ስለ ሳር ቤት ክዳን ነው። «ሁለት ቤት አለ። የአንዱ ክዳን የወፈረ ነው፣ የአንዱ የሳሳ። በበጋ ሁለቱም ቤት ደረቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሳሳው ያፈሳል። ክዳኑ መሳሳቱ ፍሳሽ ነው እንዴ? አይደለም፤ ፍሳሹ የሚመጣው ከዝናቡ ነው። ባለቤቱ ላስቲክ ቢያለብሰውስ?» ይህን ስጠይቅ መልሱን እነሱ ይሰጡኛል፦ «አያፈስማ!» ከዚያ ጫማውን አነሣና «ላስቲኩ ይኸውላችሁ» እላለሁ። ሳር ቤት የማያውቁ የከተማ ልጆች ላሉባቸው፣ ፀሐይ ቶሎ የሚያቃጥለው ቆዳና ጃንጥላ ይሠራል።

የትኛውንም ምሳሌ ብትጠቀሙ፣ ከቤቱ ሳትወጡ «እስኪ ጎረቤትዎ ቢጠይቅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» በሉ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ ሁሉም «አዎ» ይላል።

አራተኛ፦ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ መሆናችንን ተጠቀሙበት

የውጭ አገር የዘረመል አስተማሪ የቤተሰብ ሐረግ ለመሣል ብዙ ይደክማል። እዚህ ጋብቻ እንዳይነካካ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በጥንቃቄ ካልያዝነው ግን መልሶ ይጎዳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቤተሰቡ ብቻ ባለበት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ሰፌድና ሁለት ዓይነት እህል ታስመጣላችሁ፦ ባቄላና ሽምብራ። አያቶችን ከላይ፣ ወላጆችን ከመካከል፣ ልጆችን ከታች እንዲደረድሩ ንገሯቸው፤ እግሩ ላበጠ ባቄላ፣ ለደኅናው ሽምብራ። ደርዳሪው ከቤቱ ሰው ይሁን፤ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ። ተደርድሮ ሲያልቅ ባቄላው በየትውልዱ ይታያል፣ ሽምብራው ግን ይበዛል። «ከአንድ አባት ተወልደው ይኸን ያህል ደኅና አለ» ማለቱን ለእነሱ ተዉት።

ቀጥላችሁ «ከእነዚህ በልጅነቱ ጫማ የለመደው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሄደ ወንድም ወይም አጎት ይገኛል፤ እሱም በአብዛኛው ሽምብራ ነው። ይህን እኔ ከምናገረው እነሱ ቢያገኙት አሥር እጥፍ ይጸናል። ጫማ እያደረገ የታመመ ሰው ከተገኘም አትሸሹት። ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንዳደረገ፣ ሲያርስ ያወልቅ እንደነበር ጠይቁ። ጉዳቱ የዓመታት ክምችት ስለሆነ በ25 ዓመት የተጀመረ ጫማ በልጅነት የገባውን አፈር አያወጣም፤ ተጨማሪውን ግን ያግዳል።

ሲጨርሱ እህሉ ተደባልቆ ወደ እንቅቡ ይመለስ። ፎቶ አታንሡ። የማን ቤት ስንት ባቄላ እንዳለው በመዝገባችሁም በአፋችሁም አይውጣ።

አምስተኛ፦ አደባባይ ላይ ለሁሉም፣ ቤት ውስጥ ለቤተሰቡ

በሰንበቴ፣ በዕድር፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስታስተምሩ ስለ ዘር በብዙ አትናገሩ። መልእክቱ አንድ ይሁን፦ «የማን እግር እንደሚደፈር አናውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ልጅ ጫማ ያድርግ።» ጫማ የሚታደል ከሆነም ታማሚ ላለባቸው ቤቶች ልጆች ብቻ ለይታችሁ አትስጡ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ። ያን ጫማ ያደረገ ልጅ ሁሉ «የዝሆኔ ልጅ» ተባለ፤ በወሩ ጫማዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። በጫማው ዕደላ ሁሉንም ልጅ አዳርሱ፤ ታማሚ ላለበት ቤት የምትጨምሩት ብዙ ጉብኝትና ብዙ ጊዜ ነው።

ካህናት ሲያግዙ ነገሩ ይቀላል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ከቀኑ አስቀድማችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ስለ በሽታው አስረዷቸው፤ አብጦ የሚታፈርበትም እግር እንዲታጠብ ጠይቋቸው። አንድ ዓመት ይህ ሲሆን አይቼ አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ደብር ስለ መገለል ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

ስድስተኛ፦ ጋብቻ

የዘር ነገር በእውነት የሚጎዳው እዚህ ነው። ሽማግሌ ልኮ «እነሱ ቤት እግር አለ» ተብሎ የተመለሰ ብዙ ነው፤ ደኅና ልጃገረዶች በአባታቸው እግር ቀርተዋል። ሰርጉ በጥር ስለሆነ ንግግሩ ከኅዳር ጀምሮ ይጦፋል፤ ሽማግሌዎቹን የምታገኙት ከዚያ በፊት ይሁን።

እንዲህ በሏቸው፦ «አባቶች፣ ልጅቱ ከታመመ ቤት መውጣቷ እውነት ነው። ያም ቢሆን የምትወልዳቸው ልጆች ከመራመድ ጀምሮ ጫማ ካደረጉ፣ ማታ ማታ እግራቸው ከታጠበ፣ ይህ በሽታ አያገኛቸውም። ታማሚ ከሌለበት ቤት የመጣች ሙሽራም ልጆቿን በባዶ እግር ካሳደገች ሥጋት አለባት።» «ተመርምራ ትምጣ» የሚሉ ከኖሩ፣ በጤና ጣቢያ ለዚህ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ እንደሌለ፣ ቢኖርም ምክሩ ያው ጫማና ውኃ እንደሚሆን ንገሯቸው። ለማንም ቤተሰብ ተጋቡ ወይም አትጋቡ አትበሉ። ያ ሥራችን አይደለም።

ሰባተኛ፦ ከአሳብ ወደ እግር

ሰው ተረድቶም ጫማ ሳያደርግ ይቀራል። ምክንያቱን አንድ በአንድ ፍቱ እንጂ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብላችሁ አትለፉ።

«ጭቃው ጫማዬን ይይዘዋል፣ በሬ መከተል አልችልም» የሚለው ገበሬ እውነቱን ነው። በሐምሌ የጤፍ ማሳ ጭቃ ተራ ጫማ አይሆንም፤ የሚሆነው ቦቲ ነው። ቦቲ መግዛት ካልቻለ፣ ከማሳ እንደወጣ እዚያው ወንዙ ዳር ታጥቦ ጫማውን አድርጎ ወደ ቤት ይግባ። ኮንጎ ጫማ በቀዳዳው አፈር ቢያስገባም ከባዶ እግር እጅግ ይሻላል፤ ማታ እግሩም ጫማውም ይታጠብ። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፤ ላዩ ክፍት ስለሆነ ከዚህ አፈር ግን አያድንም። ጫማውን ለሰንበትና ለገበያ የሚያስቀምጠውን «የሥራው ቀን ነው አፈር ያለው» በሉት፤ አሮጌው ለእርሻ፣ አዲሱ ለሰንበት ይሁን። ለትናንሽ ልጆች ከታላቅ ለታናሽ የሚተላለፍ ጫማ በሴቶች የልማት ቡድን ማለዋወጥ ይቻላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

መታጠቡ የራሱ ልማድ አለው። እንግዳን እግር አጥቦ ማስተናገድ ከአያቶቻችን ያገኘነው ነው፤ አሁን የምንጠይቀው ያንኑ በየማታው ለልጆች ማድረግ ነው። ማንቆርቆሪያ፣ ሳፋ፣ ሳሙና፤ ከዚያ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት አንድ ጆግ ለሁለት ልጅ ይበቃል።

አስቀድሞ ለታመሙት

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ታማሚው «ለእኔ ረፍዷል» ብሎ ከተኛ ልጆቹም ተስፋ ይቆርጣሉ። እብጠቱን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጤና ጣቢያው በሚነግረው መጠን በረኪና በጠብታ በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በልኩ የተሠራ ጫማ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ትልቅ ሙከራ፣ ይህ እንክብካቤ ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይዞ የሚነሣውን ቁጣ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አልጋ ላይ የሚያውሉት እነዚያ የቁጣ ቀናት ናቸው፤ በእርሻ ወቅት አንድ ሳምንት መዳን ማለት ምን እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ቁስል ያለበትን፣ ትኩሳት ያለውን ወይም አንድ እግሩ ብቻ በድንገት ያበጠውን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። እግሩ መስማት ያቆመ ሰው ካያችሁ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል እሱንም አስመርምሩ።

መለኪያው

«ጫማ አለዎት?» ብላችሁ ቆጥራችሁ ሪፖርት አታድርጉ። እግር ቁጠሩ። በሥራ ቀን፣ ሳትናገሩ፣ ውኃ መቅጃ መንገድ ላይና ማሳ ዳር ቁሙና የሚያልፉትን የመጀመሪያ 50 ልጆች እዩ፤ ስንቱ የተሸፈነ ጫማ አድርጓል? በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ ለአረም ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ በኅዳር አጨዳ ላይ አንድ ጊዜ። የነሐሴው ቁጥር ከግንቦቱ ቢወርድ አትደንግጡ፤ የጭቃው ጉዳይ ገና አልተፈታም ማለት ነውና ወደ ሰባተኛው ተመለሱ።

ከቁጥሩ ጎን ሌላ አንድ ነገር መዝግቡ፦ ቤቱ ስትገቡ «ዘር ነው» የሚለው ቃል ከተነሣ፣ ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ። «ምን ይደረጋል» ከሆነ ትምህርቱ አልደረሰም። የማቻከሏን እናት በሁለተኛው ክረምት ስጎበኛት ልጅቱን ከጓሮ ጠራቻትና «ነይ፣ እግርሽን አሳይው» አለቻት። ግራጫ ኮንጎ አድርጋ ነበር፤ አንደኛው ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። እናቲቱ ውኃ ልታሞቅ ተነሣች።